ከሱቅ ሥራ ሲያባርሯችሁ፦ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ፍርድ ቤት

«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።» በአያት፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በጀሞ ወይም በአስኮ ባሉ ሱቆች ብዙ ሰው ከሥራ የሚሰናበተው በዚች አንድ ቃል ነው። ደብዳቤ የለም። ምክንያት የለም። የመጨረሻው ወር ደመወዝም «ሂሳብ ሲዘጋ ትወስጃለሽ» ተብሎ ይንከባለላል። ከዚያ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች፣ ወራት ያልፋሉ። ስትጠይቋት «ውል አልፈረምኩም፣ ምን መብት አለኝ?» ትላችኋለች።

መብት አላት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ሚኒ ማርኬት ውስጥ ሂሳብ የምትቀበለውንም፣ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ሲሚንቶ የሚጭነውንም ይመለከታል። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው የሥራውን ሁኔታ ጽፎና ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት ነበረበት። ይህን ባለማድረጉ ሠራተኛው የሚያጣው መብት የለም።

ሁለት ዓይነት ሰዎች ግን መጠንቀቅ አለባቸው። አንደኛው «ማናጀር» የሚባለው ነው። አዋጁ የሥራ መሪን አይሸፍንም። የሥራ መሪ የሚባለው ግን መቅጠርና ማሰናበትን የመሰለ እውነተኛ ሥልጣን ያለው ነው። ቁልፍ ስለያዛችሁና ፈረቃ ስለምታወጡ ብቻ የሥራ መሪ አትሆኑም። ሁለተኛዋ ባለ ሱቁ ቤት እያደረች ሱቁን የምትጠብቅ ልጅ ናት። የቤት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አይተዳደርም። ሱቅ ውስጥ መሸጥ ግን ለትርፍ የሚሠራ ሥራ ነው። ስለዚህ ማስረጃዋን ሁሉ ሱቅ ውስጥ በምትሠራው ላይ ታድርግ።

1. የመጀመሪያው ቀን፦ አትፈርሙ፣ በማግሥቱ ደግሞ ሥራ ግቡ

በንዴት ላይ ሳላችሁ አንድ ወረቀት ይቀርብላችኋል። «ደመወዜን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» ወይም «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» ይላል። ሁለተኛው በተለይ አደገኛ ነው። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ከሕግ ውጭ ተባረርኩ ብሎ ካሳ መጠየቅ ይቸግረዋል። ሠራተኛ በሕግ የተሰጠውን መብት ቢተውም መተዉ ዋጋ እንደሌለው አዋጁ ይናገራል። ቢሆንም ፊርማችሁ ያለበትን ወረቀት ዳኛ ፊት ማስተባበል አድካሚ ነው። የወሩን ደመወዝ ለመቀበል የግድ መፈረም ካለባችሁ ከፊርማችሁ በላይ በእጃችሁ «ይህን ያህል ብር የዚህ ወር ደመወዝ ብቻ ተቀብያለሁ፣ ሌላው መብቴ እንደተጠበቀ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

በቃል ከተባረራችሁ ትልቁ ወጥመድ በኋላ የሚመጣው ነው። ፍርድ ቤት ስትደርሱ ባለ ሱቁ «እኔ አላባረርኩም፣ ራሷ ጥላ ሄደች» ይላል። ይህን የሚዘጋው በማግሥቱ ጠዋት የምታደርጉት ነገር ነው። በመደበኛ ሰዓታችሁ ሱቁ በር ላይ ተገኙ። አንድ የሚታመን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ዘመድ ብቻ ባይሆን ይመረጣል፤ የጎን ሱቅ ሠራተኛ፣ ጥበቃ ወይም ጎረቤት ይሁን። እንዳትገቡ ሲከለክሏችሁ ይስማ። በዚያው ቀን አጭር ደብዳቤ ስጡ፦

«ከ… ጀምሮ በሱቅዎ በሽያጭ ሠራተኝነት በወር … ብር እየተከፈለኝ ስሠራ ቆይቻለሁ። በ… ቀን ሥራ እንዳልገባ በቃል ተነግሮኛል። ዛሬ በሥራ ሰዓቴ ብገኝም እንዳልገባ ተከልክያለሁ። ወደ ሥራዬ እንድመለስ፣ ካልሆነም የተሰናበትኩበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ ላይ ተቀባዩ ይፈርም። አልፈርም ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኩና ደረሰኙን ያዙ። ያንኑ ጽሑፍ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት መላክም አይከፋም። «ደብዳቤሽን አየሁት፣ ግን በቃ» የሚል መልስ ከመጣ ጥሩ ማስረጃ አገኛችሁ።

2. ቀን ቁጠሩ

ሰው በብዛት የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ከተሰናበታችሁበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል ማለት ነው። ከስንብት ጋር የተያያዘ ማንኛውም የገንዘብ ጥያቄ ደግሞ 6 ወር ነው ያለው። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓትም መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ብቻ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የሠራችሁት ትርፍ ሰዓት አምልጧችኋል ማለት ነው። ያሳዝናል፣ ግን ሕጉ እንዲህ ነው።

ሽማግሌ መላክ ነውር የለበትም። ብዙ ጉዳይ የሚያልቀውም በሽምግልና ነው። ነገር ግን «ከበዓል በኋላ እንነጋገር»፣ «ዕቃ ልሽጥና» እያለ ጊዜ የሚገዛ አሠሪ አለ። ሽማግሌዎቹ ሲመላለሱ 3 ወሩ ያልቃል። ለሽምግልና ቢበዛ አንድ ወር ስጡት። ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

3. ስንብቱ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም?

መጀመሪያ የሙከራ ጊዜን እንይ። ሙከራ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም። በጽሑፍ ስምምነት የተደረገ ካልሆነም ሙከራ አይባልም። ስምንት ወር የሠራን ሰው «አንተ ገና ሙከራ ላይ ነህ» ማለት አያዋጣም። በእውነት በጽሑፍ በተደረገ ሙከራ ላይ ከሆናችሁ ግን አሠሪው ለሥራው ብቁ አይደለህም ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይችላል።

በየስድስት ወሩ የሚታደስ «ኮንትራት» የፈረማችሁም ልብ በሉ። ሱቁ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ከሆነና ሥራው የማያቋርጥ ከሆነ፣ ወረቀቱ ምንም ቢል ውላችሁ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ተቆጥሮ መከራከር ይቻላል።

ከሙከራ በኋላ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት የሚችለው አዋጁ በዘረዘራቸው ጥፋቶች ነው። ለሱቅ ሠራተኛ የሚቀርቡት እነዚህ ናቸው፦ በጽሑፍ እየተሰጣችሁ ባለ ማስጠንቀቂያ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ፣ እንዲሁ በጽሑፍ እየተነገራችሁ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን መቅረት፣ ማጭበርበር፣ የአሠሪን ገንዘብ ወይም ዕቃ ለራስ ጥቅም መውሰድ፣ በሥራ ቦታ መደባደብ፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ንብረት ማጥፋት። «በጽሑፍ» የሚለውን አትለፉት። ባለ ሱቁ በቃል ሲጮህባችሁ ስለከረመ ብቻ አርፍዳችኋል ብሎ ማባረር አይችልም። ስንብቱም በጽሑፍ፣ ምክንያቱና ቀኑ ተገልጾ መሰጠት አለበት። ጥፋቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀን ካለፈውም በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል።

አሁን ወደ ሱቅ ሥራ ዋና ጭቅጭቅ እንግባ። ሂሳብ ጎደለ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሱቁ ሲዘጋ ገንዘብ ይቆጠራል። 2,400 ብር የለም። ጠዋት መሳቢያውን የከፈተው ባለቤቱ ነው። ልጅቷ ምሳ ስትበላ የባለቤቱ ወንድም ተቀምጦበታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ደንበኛ «በቴሌብር ልኬያለሁ» ብሎ ያሳያት መልእክት የሐሰት ሆኖ ተገኝቷል። ባለቤቱ ግን «አንቺ ነሽ የወሰድሽው» ብሎ አባረራት። ይህ በሕግ ፊት ሌብነት አይደለም። ገንዘብ መጉደሉና ሠራተኛው ለራሱ ጥቅም መውሰዱ የተለያዩ ናቸው። ወስዳለች የሚል አሠሪ ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። እናንተ ማድረግ ያለባችሁ በዚያው ሰዓት ቆጠራው በጋራ እንዲደረግና ውጤቱ በወረቀት እንዲሰፍር መጠየቅ ነው። ቁልፉ ስንት ሰው ጋ እንዳለ፣ መሳቢያውን ማን ማን እንደነካ ጻፉ። ካሜራ ካለ የዚያ ቀን ምስል እንዳይጠፋ በደብዳቤ ጠይቁ። «ጉድለቱን እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት ግን በምንም መንገድ አትፈርሙ። ፖሊስ ጣቢያ ከጠሯችሁም ያላደረጋችሁትን «ለሰላም ስል» ብላችሁ አትቀበሉ። የዋስትና ወረቀት የፈረመላችሁ ዘመድ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ተደናግጦ ከኪሱ እንዳይከፍል።

ጉድለት ከደመወዝ ላይ መቁረጥም ልክ አለው። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም ፍርድ ቤት ካልፈቀደው፣ ወይም እናንተ በጽሑፍ ካልተስማማችሁ አይቆረጥም። በሚቆረጥበት ጊዜም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። የወሩን ሙሉ ደመወዝ የሚበላ «ቅጣት» ሕገ ወጥ ነው።

ፈጽሞ ለስንብት ምክንያት መሆን የማይችሉም አሉ። ማኅበር መግባት፣ አሠሪን መክሰስ ወይም አቤት ማለት፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ ፆታ፣ ትዳር፣ እርግዝና፣ አካል ጉዳት። በእነዚህ ምክንያት የተባረረ ሰው ከፈለገ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ከባድ ጥፋት ካልተገኘባት ወይም የሠራተኛ ቅነሳ ካልመጣ በቀር አትባረርም። ሆዷ መታየት ሲጀምር «ዕቃ ማንሣት አትችይም» ተብላ የምትሰናበት እህት ካለች ይህን አንብቡላት።

«ገበያ ቀዝቅዟል» የሚባለውስ? ሠራተኛ መቀነስ በሕግ ይቻላል። ግን ማስጠንቀቂያና የስንብት ክፍያ አለው። ሱቁ ጨርሶ ከተዘጋ ደግሞ በስንብት ክፍያው ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል።

4. ማስረጃ መሰብሰብ

ውል ባይኖርም ማስረጃ አለ። ደመወዝ በባንክ ወይም በቴሌብር ሲገባላችሁ የመጡት መልእክቶች፣ የሥራ ግሩፑ ላይ ያሉ ትእዛዞች፣ በስማችሁ የተፈረመ የዕቃ መረከቢያ፣ የደንብ ልብስ፣ መታወቂያ ባጅ። ከግሩፑ ሳያስወጧችሁ ስክሪንሾት አንሱ። አብረዋችሁ የሚሠሩት ሥራቸውን ስለሚፈሩ በፈቃዳቸው ላይመሰክሩ ይችላሉ፣ አትፍረዱባቸው። ፍርድ ቤት መጥሪያ ከላከላቸው ግን ይቀርባሉ።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለች፣ ብዙ ሰው የማያስባት። የሱቁን የሽያጭ ማሽን ደረሰኝ አንድ ያዙ። በታፔላው ላይ የተጻፈው ስምና የንግድ ፈቃዱ ባለቤት ስም ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ታፔላው ላይ ያለውን ስም ከሳችሁ ሦስት ወር ከለፋችሁ በኋላ «እንዲህ የሚባል ድርጅት የለም» ይባላል። ደረሰኙ ላይ ግን የነጋዴው ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩና አድራሻው ታትሟል። የምትከሱት እሱን ነው።

ቁልፍ፣ ገንዘብ ወይም ስልክ እጃችሁ ላይ ካለ በጽሑፍ አስረክቡ። አሠሪው ከተሰናበታችሁበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሊከፍላችሁ ይገባል። ርክክብ አልጨረሱም ብሎ የሚያመካኝበትን በር ዝጉበት።

5. ስንት ብር ይገባችኋል?

በወር 6,000 ብር እየተከፈላት 3 ዓመት የሠራችና ከሕግ ውጭ የተባረረች የሱቅ ሠራተኛን እንውሰድ። የቀን ደመወዟ 200 ብር ነው።

የስንብት ክፍያ፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ማለትም 6,000 ብር። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ ሲሶ፣ 2,000 ብር። በ3 ዓመት 10,000 ብር ይሆናል። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው።
ካሳ፦ የ180 ቀን ደመወዝ፣ 36,000 ብር።
የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፦ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ 3 ወር። ለእሷ 12,000 ብር።

ድምሩ 58,000 ብር ነው። በዚህ ላይ ያልተከፈለ ደመወዝና ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል። ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ባለፉት 6 ወራት ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓትም አለ። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ያለው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይከፈላል። ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 3 ሰዓት ሱቅ ውስጥ ቆማ ለምትውል ልጅ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ክፍያውን ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል።

የሥራ ልምድ ወረቀትም ጠይቁ። በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ለጡረታ እየተባለ 7 በመቶ ሲቆረጥባችሁ ከነበረ፣ ገንዘቡ በትክክል መግባቱን የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሄዳችሁ አጣሩ። አሠሪው በራሱ በኩል 11 በመቶ መጨመር ነበረበት።

6. የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት

በክፍለ ከተማችሁ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አሠሪውን ጠርቶ ሊያነጋግር፣ ሊያግባባ ይችላል። ደብዳቤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲመጣ ብዙ ባለ ሱቅ ይለሰልሳል። ካልተስማማ ግን የተባረረ ሠራተኛን የመመለስና ካሳ የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ እዚያ ብዙ አትቆዩ።

7. ፍርድ ቤት

የከተማው ዳር ነዋሪ መጀመሪያ መለየት ያለበት ሱቁ ያለበትን ወሰን ነው። ሱቁ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ ክሱ ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የትኛው ምድብ የሥራ ክርክር እንደሚያይ ሬጅስትራር (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ክፍል) ይነግራችኋል። ሱቁ ለገጣፎ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ ከሆነ ያ ሸገር ከተማ ነው፤ ጉዳዩ ወደ ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ክሱን በዚያው ቋንቋ አስጽፉ። ካልቻላችሁ ችሎት ላይ አስተርጓሚ ጠይቁ። እናንተ የምትኖሩበት ሳይሆን የሠራችሁበት ቦታ ነው ወሳኙ።

ሠራተኛ በዚህ ዓይነት ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ወጪያችሁ ማስጻፊያ፣ ኮፒና ትራንስፖርት ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ያሉ ጸሐፊዎች ክስ ይጽፉላችኋል። ጽፈው ሲጨርሱ ግን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፣ ቀንና ደመወዝ በተለይ። አቅም ከሌላችሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ፣ ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ።

ክሱ ላይ መቼ ተቀጠራችሁ፣ ስንት ይከፈላችሁ ነበር፣ መቼና እንዴት ተሰናበታችሁ፣ ምን ትጠይቃላችሁ የሚሉት በግልጽ ይስፈሩ። የምትጠይቁትን እያንዳንዱን ክፍያ ከነብሩ ጻፉ። ያልጠየቃችሁትን ዳኛ አይሰጣችሁም። የሰነድና የምስክር ዝርዝር ከክሱ ጋር ይያያዛል።

መመለስ ይሻላል ወይስ ካሳ? እኔ ሦስትና አራት ሠራተኛ ባለው ሱቅ ውስጥ ካሳውን እመርጣለሁ። ከከሰሳችሁት ሰው ጋር በአንድ መደርደሪያ ሥር መዋል ከባድ ነው። ፍርድ ቤቱም ግንኙነቱ የማያዛልቅ ከመሰለው መመለስ ብትጠይቁም እንኳ ካሳ ሊወስን ይችላል። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ሱፐር ማርኬት ከሆነ ግን መመለስን አስቡበት። ከተመለሳችሁ እስከ 6 ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊወሰንላችሁ ይችላል።

ክሱ ሲከፈት ቀጠሮ ይሰጣችኋል፣ መጥሪያውን ለአሠሪው ታደርሳላችሁ። እምቢ ካለ በፖሊስ ወይም በቀበሌ በኩል እንዲደርስ ጠይቁ። ጉዳዩ ወደ አስማሚ ሊላክም ይችላል። እዚያ ስምምነት ላይ ከደረሳችሁ በጽሑፍ ይሁን፣ ፍርድ ቤቱም ያጽድቀው። ቀጠሮ በፍጹም አትቅሩ፤ ከሳሽ ከቀረ መዝገቡ ይዘጋል። አዋጁ ፍርድ ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይላል፤ እናንተ ግን ቢረዝምም ለመጽናት ተዘጋጁ። የተከፋ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል።

8. ፈረዱላችሁ፣ ከዚያስ?

ፍርዱ ብቻውን ብር አይሆንም። አሠሪው በራሱ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ፣ ማለትም ፍርዱ በግዴታ እንዲፈጸም የሚጠየቅበትን መዝገብ፣ መክፈት አለባችሁ። ይግባኝ ብያለሁ ማለቱ ብቻ አያቆመውም፤ ከይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እግድ ማምጣት አለበት። የውሳኔውን የተረጋገጠ ግልባጭ ይዛችሁ ታመለክታላችሁ። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ንብረቱ የት እንዳለ ነው። ደመወዝ ሲልክላችሁ የነበረበት ባንክና የሂሳብ ስም፣ ዕቃ የሚያመላልስበት መኪና ታርጋ፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ፣ ሌላ ሱቅ ካለው የሱ አድራሻ። ይህን ገና ሥራ ላይ ሳላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከተባረራችሁ በኋላ ግን ማግኘት ይከብዳል። ዛሬ በደብተር ጻፉት።